በባህሩ ላይ ያለችው ብርቱካናማ ነጥብ

ባሌ ሞቷል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። በሕይወት አለ ብሎ የነገረኝም የለም። ከሁለቱ አንዱ ወሬ ቢመጣ ኖሮ ወይ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፣ ወይ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። የመጣልኝ ግን ስዕል ነው።

የተወለድኩት ደሴ ዙሪያ ነው። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቱን አቆምኩ፤ ከዓመታት በኋላ ደሴ ከተማ፣ ሆጤ ሰፈር ተዳርኩ። ባሌ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ብዙ አልተዋወቅንም እንጂ። ሁለታችንም ዓይን አፋሮች ስለነበርን እራት ስንበላ እንኳ ቀና ብለን አንተያይም። ቀስ ብለን እንላመዳለን እያልን ሳለ፣ እንደ ብዙው የሰፈር ወጣት በአፋር አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ሳኡዲ ለመግባት ከጓደኞቹ ጋር ተነሣ። ባህሩ ዳር ሲደርስ ደወለ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ዛሬ እንሻገራለን» አለኝ። «እማን ዱዓ አድርጊለት በያት።»

«እሺ» አልኩት።

«አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠርቶ አያውቅም። አብረውት የሄዱት ልጆችም አልደወሉም።

አማቴ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከዚህ ልጅ ሌላ የሌላቸው ሴት ናቸው። በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፤ እኔ እቀነጥሳለሁ፣ እነፋለሁ፣ እሳቸው ሱቅ ይቀመጣሉ። አያታቸው ከየመን ለንግድ የመጡ ሰው ነበሩ። «ያኔ ሰው ከዚያ ወደዚህ ነበር የሚሻገረው» ይሉ ነበር አማቴ፣ ቀልድ እንደሚያወራ ሰው። ክፉ አልነበሩም። ስታመም አጠገቤ ያድራሉ፤ ሥጋ ሲገዛ ጥሩ ጥሩውን ለኔ ያወጣሉ። ግን ጎረቤት ሰርግ ሲኖር ሂና ልሞቅ ስል «ባልሽ በሌለበት ለማን ብለሽ?» ይሉኛል። ጥቁር ሻሽ ያሰርኩ ቀን ደግሞ ከራሴ ላይ ነጥቀው «ልጄ ላይ ታሟርቻለሽ?» ብለው ጮኹብኝ። ስለዚህ ሂናም ሐዘንም ሳይፈቀድልኝ ዓመታት ሄዱ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ማስገባት ጀመሩ።

አንድ ቀን አባቴ ከገጠር መጣ። ለአማቴ አክብሮት ብሎ ብዙ ካወራ በኋላ፣ ወደ ሚኒባስ ስሸኘው «ልጄ፣ ይህ ነገር መቋጫ አለው?» አለኝ።  በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ ቃዲው ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ባሏ የጠፋባት ሴት ልቀቁኝ ብላ መጠየቅ ትችላለች። ቃዲው ሁሉን ሰምተው ቀን ቆረጡልን፤ በዚያ ቀን የባሌም ወገን መጥቶ የሰማው ወሬ ካለ እንዲናገር አዘዙ።

ያን ሰሞን ጎረቤታችን አንድ ወሬ ይዛ መጣች። ኮምቦልቻ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ባህሩን የሳለ ልጅ አለ አለች። ራሱ በጀልባ ተሻግሮ፣ እዚያ ታስሮ፣ ተመልሶ የመጣ ነው። ልጅ የጠፋባቸው እናቶች እየሄዱ ያዩታል። አማቴ ወሬውን እስክትጨርስላቸው አልጠበቁም፤ ጫማቸውን አጠለቁ።

«ተነሽ» አሉኝ።

ደሴ ጉም ውጧት ነበር። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወርድ ጉሙ ከላይ ቀረ፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ አማቴ ሻላቸውን አውልቀው ለኔ አሸከሙኝ። ጁስ ቤቱ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ስዕሉ ኮምፖንሳቶ ላይ የተሠራ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግድግዳውን ይዞታል።

መጀመሪያ ያየሁት ባህር አልነበረም። አንድ ሰው ብሩሹን ያራገፈበት ጣውላ መሰለኝ። ምስር ምስር የሚያህሉ ነጥቦች ናቸው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ፣ በመካከላቸው አልፎ አልፎ ብርቱካናማ። መስመር የሚባል ነገር የለውም። አንዱ ነጥብ ሌላውን አይነካም።

«ራቅ ብላችሁ እዩት!» አለች ጁስ የምትፈጨው ልጅ ከጀርባችን። «ተጠግታችሁማ ምንም አይታይም!»

ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብዬ ጀርባዬ ከፍሪጁ ጋር ሲገጥም ባህሩ መጣ። ባህር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ በቴሌቪዥን ካልሆነ። ውሃው የሚንቀሳቀስ ይመስል ነበር። ከታች ጥግ ላይ ቡናማ የብስ አለ፤ ከላይ ፀሐይ ልትጠልቅ የተቃረበች የመሰለ ሰማይ። ጀልባ የለም። በጣም ያምር ነበር፤ የጠላሁትም ለዚህ ነው። ሰው የሚውጥ ነገር እንዲህ ማማር የለበትም አልኩ በልቤ። ባሌን ፈለግሁት ብል ውሸት ነው። ከዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሰው እንደማይገኝ ከሩቅ ለቆመ ሰው ግልጽ ነበር።

አማቴ ግን አልራቁም። አፍንጫቸው ስዕሉን ሊነካ ደርሷል። ጣታቸውን እንደ ምስር ለቃሚ ከነጥብ ወደ ነጥብ ያንቀሳቅሳሉ። ከጎናቸው ሌላ እናት ቆመው ነበር፤ አንዲት ነጭ ነጥብ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይችኛዋ የኔ ልጅ ናት፤ ነጠላዋን አላወለቀችም» ይላሉ።

«አሁን ይኼ ጁስ ቤት ነው ወይስ የሼህ መቃብር ዚያራ?» አለች ልጅቱ ማሽኗን እያጠፋች። «ስፕሪስ ያዛሉ፣ ሳይቀምሱት ያለቅሱና ይሄዳሉ። ቢያንስ ማንጎውን ጠጡልኝ እንጂ እናቶቼ!»

የሳቀላት አልነበረም። በዚህ መካከል አማቴ «አገኘሁት» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። ከየብሱ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ተነጥላ የቆመች አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ ነበረች።

«ብርቱካናማ ቲሸርቱ ነው» አሉኝ። «አየሽው?»

«እትየ፣ ሲሄድ የለበሰው ግራጫ ጃኬት ነበር» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

«ከውስጥ ለብሶት ይሆናላ! ባህር ላይ ይሞቃል፣ ጃኬቱን አወለቀው።»

ሰዓሊው ተጠርቶ መጣ። በእኔ ዕድሜ አካባቢ ያለ፣ ከሲታ፣ ሱሪው ቀለም በቀለም የሆነ ልጅ ነው። ኑሮው ታፔላ መጻፍ፣ ባጃጅ ላይ ጥቅስ መጻፍ ነው፤ በዚያ ሰዓትም ጎረቤት ሱቅ በር ላይ ሲጽፍ ነው የጠሩት። አማቴ ሁለት እጁን ያዙት።

«ይችን ያስቀመጥካት አንተ ነህ?»

«አዎ እትየ።»

«ሰው ነው?»

ቀና ብሎ አያቸው። አማቴ እጁን አልለቀቁትም ነበር።

«ሰው ነው» አለ።

«ብርቱካናማ የለበሰ ልጅ አብሮህ ነበር? ረዘም ያለ፣ ቅንድበ ወፍራም?»

«ብዙ ልጅ ነበር... አዎ። እንደዚያ ያለ ልጅ ነበር።»

«ወረደ? የብስ ረገጠ?»

«ወርዷል እትየ።»

አማቴ እጁን ሳሙት። የልጅ እጅ። «አላህ ይህን እጅህን ይባርክልኝ» አሉ፣ ደጋግመው። እኔ ልጁን እያየሁት ነበር። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ተናገሩ። ማታ ሰደቃ ተደረገ። ጎረቤቶች እየመጡ «እንኳን ደስ ያለሽ» አሉኝ። ምን ልበል? «እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ቃዲው ፊት ቀረብን። አማቴ በኩራት ተነሥተው «ልጄ የብስ ረግጧል፤ ያየው ሰው አለ» አሉ።

«ማን ነው ያየው?»

«አብሮት የነበረ ልጅ። ስሎታል።»

«ስሎታል?» አሉ ቃዲው፣ መነጽራቸውን አውልቀው።

«አዎ፣ በባህሩ ላይ። ኮምቦልቻ ነው።»

አባቴ ሊናገር ሲል ቃዲው በእጃቸው አስቆሙት። በሕይወት አይቼዋለሁ የሚል ሰው ካለ ሳይሰሙት መፍረድ እንደማይችሉ ተናገሩ። «ይምጣና በአንደበቱ ይናገር» ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡ።  ያን ቀን ገባኝ። ልጁ ለአንዲት አሮጊት አዝኖ የተናገረው ቃል እኔን አስሮኛል። እሳቸው በሄዱ ቁጥር እንዲያው ሰው ነው፣ ወርዷል፣ ይላቸዋል። እኔም የባህር ማዶ ሰው ሚስት ሆኜ እዚያ ቤት እሸብታለሁ።

አባቴ ጋ ደርሼ ልምጣ ብዬ አማቴን አስፈቅጄ ብቻዬን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጁስ ቤቱ ገብቼ አቮካዶ አዝዤ፣ ሰዓሊው ልጅ ሁለቴ በአጠገቤ ሲያልፍ አንገቴን ደፍቼ አሳለፍኩት።  ለሦስተኛ ጊዜ ሲያልፍ ራሱ አወቀኝ።

«ከእትየ ጋር የመጣሽው አይደለሽ? ልጃቸው ነሽ?»

«ሚስቱ ነኝ» አልኩ። «ያ ነጥብ በእውነት ሰው ነው?»

 ቤቱ ባዶ መሆኑን አየና ወደ ስዕሉ ወሰደኝ፣ ከዚያ ወደ ኋላ አቆመኝ። ከብርቱካናማ ነጥቦቹ አራት አምስቱን በመዳፉ ከደናቸው።

«አሁን ባህሩን እይው።»

ባህሩ በዚያ በኩል ግራጫ ሆነ። የታጠበ አመድ መሰለ። እጁን ሲያነሣ ሰማያዊው ተመለሰ።

«ሰማያዊ ብቻውን ሲሆን ይፈዛል» አለኝ። «አጠገቡ ብርቱካናማ ስታደርጊ ይነሣል። ስልኬ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ነው ያየሁት። በጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ እየነካሁ ነው የሠራሁት። ብርቱካናማው ለዚህ ነው። ሰው አልሳልኩም። አንድም።»

«ታዲያ ለምን ሰው ነው አልካቸው?»

«ምን ልበላቸው? መጀመሪያ የመጡትን ሴትዮ ቀለም ነው አልኳቸው። እዚህ ወለል ላይ ወደቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ አዎ እላለሁ።»

«ባሌንስ? ረጅም፣ ቅንድበ ወፍራም?»

«አላውቀውም እህቴ። ወላሂ አላውቀውም። ጨለማ ነበር፤ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠውን ልጅ እንኳ ፊቱን አላየሁም።»

«እሳቸው ግን ቃዲው ፊት ያንተን ቃል ሰጥተዋል። ቃዲውም አንተን ሳይሰሙ አይፈርዱም። መጥተህ ይህንኑ ተናገር።»

«እናትየው ፊት?» አለ። «አልችልም። በአላህ ተይኝ።»

በሕይወቴ ከማላውቀው ወንድ ጋር ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ግን ተናገርኩ።

«ለእሳቸው አዘንክ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ ነበር። እኔን አላየኸኝም?»

 የቀጠሮውን ቀን ብቻ ጠየቀኝ።

መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። አማቴ ሲያዩት ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ ከቦርሳቸው ተምር አውጥተው በእጁ አስያዙት። ቃዲው ሲጠይቁት ተምሩን እንደጨበጠ ቆመ። ስዕሉ ላይ ሰው እንደሌለ፣ ነጥቡ ቀለም ብቻ እንደሆነ፣ የአማቴን ልጅ አይቶት እንደማያውቅ ተናገረ። እሳቸውን ላለማሳዘን ብሎ እንደዋሸም ተናገረ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ቃዲው ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

አማቴ ልጁን አላዩትም። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽው?»

«አዎ እትየ።»

«የት አገኘሽው?»

«ኮምቦልቻ።»

«ከማን ጋር ሄደሽ?»

«ብቻዬን።»

ከኋላ የተቀመጡት ዘመዶች ጉርምርም አሉ። አባቴ እንኳ ቀና ብሎ አየኝ፤ በእሱ አሳብቤ ከቤት መውጣቴን ሳይገምት አልቀረም። ልጁ «ስለ ስዕሉ ብቻ ነው የጠየቀችኝ» አለ። ያለው ነገር ሁሉ አባሰው።

ቃዲው ጸጥ አሰኟቸው። ይህች ሴት ከሚገባው በላይ ጠብቃለች፣ ስለ ባሏ የታወቀ ወሬ የለም፣ ስለዚህ እንደሞተ ተቆጥሮ ኒካሁ ወርዷል፣ ጋብቻው ፈርሷል ብለው ፈረዱ። «ዒዳሽን ቁጠሪ፤ ከዚያ ነፃ ነሽ» አሉኝ። እንዲህ ሲሉ ፊታቸው ደግ ነበር።

ግቢው ውስጥ አማቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያ ሁሉ ዓመት ያላለቀሱትን ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሱም።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ልጄ ነበረ» አሉኝ። «አንቺ ገባሽ፣ ተናገርሽ፣ ወጣሽ፣ ሞተ። ገደልሽው።»

አባቴ ወዲያው ይዞኝ ሊሄድ ፈልጎ ነበር። ግን የባል ሞት ዒዳ፣ ሚስት ተቀምጣ የምትቆጥረው ጊዜ፣ አራት ወር ከአስር ቀን ነው፤ ሴትየዋም የምትቀመጠው በባሏ ቤት ነው። የባሌ ቤት ደግሞ የአማቴ ቤት ነው። ስለዚህ ነፃ ነሽ በተባልኩበት ቀን፣ ልጄን ገደልሽ ካሉኝ ሴት ጋር በአንድ በር ገባሁ።

ባል እንደሞተባት ሴት ተቀመጥኩ፤ ለቅሶ የመጣ ግን የለም። አማቴ በልጃቸው ስም ድንኳን አላስተከሉም፣ ሰደቃ አላወጡም። ለቅሶ ልድረስ ብሎ የመጣውን ሰው «የሞተብኝ የለም» ብለው ከበር ይመልሱት ነበር። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ምግቤን በሰዓቱ ያመጡልኛል፤ አጠገቤ ያስቀምጡትና ይወጣሉ። ሥጋውም እንደ ድሮው ጥሩ ጥሩው ነበር። ለመብላት የሚያስቸግረኝ ይኼ ነበር።

ኮምቦልቻ መውረዳቸውን አልተዉም። ሲመለሱ ለእህታቸው በስልክ ሲያወሩ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «አየሁት። ደህና ነው። ሰዓሊው ልጅ አሁን አያናግረኝም፣ ሲያየኝ ይወጣል። አስፈራርተውት ነው።» የልጁ ነገር ደግሞ በሌላ በኩል ሰፈር ውስጥ ይዞር ነበር። ውሃ ልትቀዳ የመጣች ሴት ለሌላዋ «ሰዓሊውን ለማግባት ነው ባሏን ያስቀበረችው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ልጅ ጋር ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። የፊቱን መልክ እንኳ በደንብ አላስታውሰውም፤ ቀና ብዬ አላየሁትማ።

አንዳንድ ቀን፣ አልዋሽም፣ እሳቸው ልክ ይሆኑ ይሆን እል ነበር። ከሩቅ ያየሁት እኔ ምን አገኘሁ? ባህር አገኘሁ። እሳቸው ተጠግተው ልጃቸውን አገኙ። ወዲያው ግን በዚያች ነጥብ የተነሣ ምን ሆኜ እንደኖርኩ ትዝ ይለኝና ልቤ ይቆርጣል። እሷ ሰው ከሆነች እኔ ምን ነበርኩ?

ዒዳዬ ያለቀ ቀን አባቴ መጣ። ፍራሼን ጠቅልሎ ተሸከመ፣ እኔ ቦርሳዬን ያዝኩ። ጎረቤቶቹ በየበራቸው ቆመው ነበር። ባሏ ለሞተባት ሴት «አላህ ሶብር ይስጥሽ» ይባላል፤ ለተፈታች ሴትም የሚባል ነገር አለ። ለኔ የሚሆን ቃል ማንም አልነበረውም። የመጀመሪያውን ቢሉ አማቴ ፊት ልጃቸው ሞተ ማለት ይሆንባቸዋል።

አማቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል አልሰጡኝም። ሁሉ ሰው እየሰማ ጠየቁኝ።

«እና ዛሬ ማታ ከማን ጋር ላድር ነው?»

እውነቴን ነው የመለስኩላቸው። ሌላ የምለው ቢኖረኝ እል ነበር።

«አላውቅም እትየ» አልኩ።

ጎረቤቶቹ እንደ ስድብ ቆጠሩት። ሆጤ ውስጥ ስሜ ሲነሣ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ይህችን ቃል ነው።